በሁለት አውሮፕላን መሃል የዋልንበት ፓርክ

ነሐሴ 18

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣

እትዬ፣ እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽስ? የማተሚያ ቤቱን ደረጃ ስትወጪ ስትወርጂ እየታየሽኝ ነው የምውለው። እኔና ሚጣ ፈጣሪ ክብሩ ይስፋ ደህና ነን። ላንቺም ጤናውን ከነጉልበቱ ይስጥልኝ።

በስልክ እየተገናኘን ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትይኝ። ስልኩ ለሰላምታ ነው። ቤቴን አይተሽዋል፤ አንድ ክፍል ነው፣ መጋረጃው ዓይን እንጂ ጆሮ አይከልልም። የልጄን ጆሮ ደግሞ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ስለዚህ የሆድ የሆዳችንን በወረቀት እንነጋገር ብዬ ነው። ይህንንም የምጽፍልሽ የምሠራበት ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ፣ በምሳ ሰዓቴ፣ የአንሶላ ክምር ላይ ተደግፌ ነው።

አንቺ ሚጣን አድርሰሽልኝ ከተመለስሽ ወር ሊሞላ ነው። ሁለት ዓመት ተኩል ሆና ትቻት የሄድኩት ልጅ አሥር ዓመት ሞልቷት መጣችልኝ፤ እግዜር ይስጥሽ፣ አሳድገሽ ነው የሰጠሽኝ። ትበላለች፣ ትተኛለች፣ የተባለችውን ትሰማለች። ከበላች በኋላ ሳህኗን አጥባ ትደፋና «አመሰግናለሁ» ትለኛለች። የሥራ ጓደኞቼ ሲሰሙ ቀኑብኝ። እኔን ግን ሳህኑ በተደፋ ቁጥር ደስ አይለኝም። ቤቱ ውስጥ እንደ እንግዳ ነው የምትቀመጠው። ስትፈልገኝ አትጠራኝም፤ መጥታ አጠገቤ ትቆማለች፣ እስካያት ትጠብቃለች።

ለትምህርት ቤት የክትባትና የጤና ካርዷን ጠይቀውኛል። ከተወለደች ጀምሮ ያለውን ነው የሚፈልጉት፤ አንድም ገጽ እንዳይጎድል ብለዋል።

ሌላው ነገር እንዲሁ ነው። ትናንት መጽሐፏን ሳነሳ ፎቶ ወደቀ። አንቺና እሷ በመስታወት ሳጥን ውስጥ ተቀምጣችኋል፣ ሻርፕሽ አፍሽ ላይ ተጠምጥሟል፣ ከኋላችሁ ሰማይ ብቻ ነው። «ይሄ የት ነው?» አልኳት። «ፓርክ ነው።» «የቱ ፓርክ?» «በመሃል የዋልንበት።» እትዬ፣ አውሮፕላን እስክንቀይር አሥራ ሦስት ሰዓት ወንበር ላይ ተቀምጠን ዋልን አላልሽኝም እንዴ? ስምንት ቀን ሙሉ እኔ ቤት ሰንብተሽ አንድ ቀን አላነሳሽውም።

ደግሞ የደብተሯ መጨረሻ ገጽ ላይ ትንንሽ ጭረት ታሰምራለች። «ምን ትቆጥሪያለሽ?» ስላት «ቀን» አለችኝ። «የምን ቀን?» ስላት ደብተሩን ዘጋችው። የምታውቂው ነገር ካለ ጻፊልኝ።

ታናሽ እህትሽ


መስከረም 12

ይድረስ ለእህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እጅሽ የነካው ይባረክ፣ ክፉ ነገር ደጅሽን አይወቀው። እኔ ደህና ነኝ። እኔና ጉልበቴ ተላምደናል፣ እሱ ሲያምም እኔ እቀመጣለሁ። የመማሪያ መጻሕፍት ወቅት ስለሆነ ጥረዛ ክፍላችን ሙጫ በሙጫ ሆኗል። ይህ ደብዳቤ ከጣትሽ አልላቀቅ ቢልሽ አትፍረጂብኝ።

ካርዱን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ሁለት ቀን ጠረጴዛዬ ላይ አሳድሬ ነው የላክሁት። ሙሉ ነው።

የፓርኩን ነገር ያልነገርኩሽ ፈርቼሽ ነው። «ከወንበርሽ እንዳትነሺ፣ አውሮፕላኑ ጥሎሽ ይሄዳል» እያልሽ ስንቴ አስጠነቀቅሽኝ። ለስድሳ ሁለት ዓመት የቀረኝ ሴትዮ የታናሽ እህቴን ቁጣ ሸሽቼ ዋሸሁ። አሁን እንደነበረ ልንገርሽ።

ሚጣ ከቤት ስንወጣም፣ ጎረቤት ሲሰናበታትም አላለቀሰችም። አውሮፕላኑ ውስጥ ቀበቶዋን አስራ ወደ መስኮቱ ዞረች፣ በቃ፣ ከዚያ በኋላ ድምፅ የለም። ውሃ ስላት ራሷን ነቀነቀች። ዳቦ ስላት ራሷን ነቀነቀች። ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አረፍን፤ የሚቀጥለው አውሮፕላን የሚነሳው ማታ አንድ ሰዓት ነው። የብረት ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሁለት ሰዓት ሙሉ ጫማዋን ብቻ ስታይ አየኋት።

አንድ የጽዳት ሠራተኛ ጋሪውን እየገፋ ሲያልፍ ቆም አለና «ልጅቱን አሟታል እንዴ፣ እናቴ?» አለኝ፣ በራሳችን ቋንቋ። እንዲያ በባዕድ አገር ቋንቋዬን ስሰማ ልቤ ወደ ቦታው ተመለሰ።

«አላመማትም፣ አኩርፋ ነው።»

«በማን?»

«በእኔም፣ በአውሮፕላኑም፣ በሁሉም።»

«እስከ ስንት ሰዓት ነው የምትቆዩት?»

«እስከ ማታ አንድ።»

«ታዲያ እዚህ ብረት ላይ ምን ያደርቃችኋል? ከስምንት ሰዓት በላይ የሚቆይ መንገደኛን አየር መንገዱ ራሱ በነጻ ያስጎበኛል። ሙዚየም አለ፣ ፓርክ አለ። እዚያ ባንኮኒ ጋ ሄዳችሁ ፓስፖርታችሁን ስጡ። አሥር ሰዓት ላይ መልሰው ያመጧችኋል።»

ባንኮኒው ላይ ሁለት ሥዕል አለ። ሚጣ ምንም ሳትናገር ጣቷን ፓርኩ ላይ አኖረች። ቀኑን ሙሉ የጠየቀችኝ የመጀመሪያ ነገር እሱ ነበርና እንዴት እምቢ ልበላት?

አሥራ አራት ሰው ሆነን አውቶቡስ ገባን። ደረታችን ላይ ቁጥር ለጠፉልን፤ እኔ አሥራ አንድ፣ እሷ አሥራ ሁለት። ቢጫ ባንዲራ የያዘች ወጣት ትመራናለች። እኔ ስለ ፓርኩ ብትጠይቂኝ ግማሹን አላየሁትም፤ ዓይኔን ከዚያች ባንዲራ ላይ አልነቀልኩም። ካርታ ሰጡን። ካርታውን ብታዪው፣ በስምንት የታጠፈ ሆኖ ጠርዙ የፀጉር ያህል አልተዛባም። እኛ ማተሚያ ቤት ቢሆን ሁለት ጣት ያህል ወጣ ገባ ይል ነበር። ሙዚቃው ከየት እንደሚመጣ ስፈልግ ድንጋይ ውስጥ ነው። ድንጋዩ ፕላስቲክ ነው፣ ሆዱ ውስጥ ድምፅ ማጉያ አስቀምጠውበታል።

የሚዞሩት የእንጨት ፈረሶች ጋ ወሰድኳት፣ በዓይኗ ብቻ «ይሄማ የሕፃን ነው» አለችኝ። ከዚያ የሚጋጩት ትንንሽ መኪናዎች ጋ ሄድን። እሷ መሪ ያዘች፣ እኔ አጠገቧ ጉልበቴን አጥፌ ተወሸቅሁ። ከአውቶቡሳችን የወረደ አንድ ሽበታም ሰውዬ፣ ሙሉ ልብስ ከነክራባቱ ለብሶ፣ ከኋላ መጥቶ ድው አደረገን። ሚጣ ዞር ብላ አየችውና «እትዬ፣ አጥብቀሽ ያዢ» አለችኝ። ከዚያ ሰውየውን አሳዳ አሳዳ ጥግ አስገብታ ሦስት ጊዜ ገጨችው። ሰውዬው እጁን አነሳ። እሷ ሳቀች። እህቴ፣ ከቤት ከወጣን ጀምሮ ሳቋን መስማቴ ነበርና እኔም ሳቅሁ፤ ምናልባት ከልክ በላይ ሳቅሁ፣ ሰው ዞሮ አይቶናል።

በሐዲድ ላይ የሚምዘገዘገው ባቡር ላይ አላስገቧትም። በር ላይ ቁመት የሚለኩበት የእንጨት አሻንጉሊት አለ፤ ሁለት ጣት አነሰች። በእግር ጣቶቿ ቆማ ልታታልላቸው ስትሞክር ለኪዋ ትከሻዋን በቀስታ ጫን አደረገቻት። ሚጣ አልተከራከረችም።

ቀጥሎ ትልቁ ጎማ ላይ ወጣን። ፎቶውን እዚያ ላይ የተገጠመ ካሜራ ነው ያነሳን። ከተማውን አየን፣ ወረድን። አውቶቡሱ በሰዓቱ መለሰን፣ በሰዓቱም ተሳፈርን።

ጭረቱን በሚመለከት ምን ልበልሽ። ልጅ አይደለች? ያገኘችውን ትቆጥራለች።

ትምህርት ቤት ስትገባ ያነሳሻትን ፎቶ ላኪልኝ።

እትዬ


ጥቅምት 28

ይድረስ ለእትዬ፣

ጤና ይስጥልኝ። እኛ ደህና ነን። ካርዱ ደርሶኛል። አንብቤዋለሁ።

ፎቶውን አልላክሁልሽም፤ ያነሳኋት ላይ ፊቷን አዙራለች። ሌላ ቀን አነሳታለሁ።

ባለፈው ሳምንት አስተማሪዋ አስጠራችኝ። አስተርጓሚ አጠገቧ አስቀምጣ ስትጠብቀኝ ሳይ ልጄ ሰው መታች ብዬ ነበር። ነገሩ ሌላ ነው። ልጆቹ «የዛሬ ዓመት» የሚል ሥዕል ሥሩ ተብለዋል። አንዱ ውሻ ሥሏል፣ አንዷ ትልቅ ቤት። የእኔዋ አውሮፕላን ሥላ ከሥሩ «ሐምሌ 13» ብላ ጽፋለች። አስተማሪዋ «ልትሄዱ ነው እንዴ? ቦታዋን ለሌላ ልጅ እንድናስተላልፍ ብናውቀው ይሻላል» አለችኝ። ፊቴ እንደ ካውያ ጋለ። «የልጅ ሐሳብ ነው» ብዬ ወጣሁ።

አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ አስቀምጬ ጠየቅኋት።

«ሐምሌ 13 ምንድን ነው?»

«የምመለስበት።»

«ማን አለ?»

«እትዬ። ካልወደድኩት መጥታ ትወስደኛለች።»

«አልወደድሽውም?»

«ገና አላለቀም» አለችኝ። በቁጣ አይደለም። ፈተና ያላረመ አስተማሪ እንደሚመልሰው አድርጋ ነው የመለሰችልኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እየተመዘንኩ እንደምኖር አወቅሁ። ሾርባ ስሠራ እየተመዘንኩ ነው። ከሥራ ስዘገይ እየተመዘንኩ ነው። ትናንት በእንቅልፍ ልቤ አንኮራፍቼ እንደሆነ እንኳ ጧት ስነሳ ፊቷን አየሁ።

ምን ብለሻት እንደሆነ ቃል በቃል ጻፊልኝ። «ልጅ ናት» እንዳትይኝ።

እህትሽ


ታኅሣሥ 10

ይድረስ ለእህቴ፣

ሰላምሽ ይብዛ። የዘገየሁት ታምሜ አይደለም። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። የወረቀት ችግር የለብኝም።

ቃል በቃል ያልሽውን ይኸውልሽ።

ጎማው ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። ሳጥኑ ውስጥ እኔና እሷ ብቻ ነን። ጫፍ ልንደርስ ስንል ቀጥ አለ። በኋላ እንዳወቅሁት ከታች በተሽከርካሪ ወንበር ያለ ሰው እያሳፈሩ ነበር። እኔ ግን ተበላሸ ብዬ ደነገጥኩ። ሳጥኑ ይወዛወዛል። ብረቱን ጨብጬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«እትዬ፣ ዓይንሽን ግለጪ፣ ልጠይቅሽ ነው» አለችኝ።

«ጨፍኜም እሰማሻለሁ።»

«አይ፣ እያየሽኝ።»

ገለጥኩ።

«እናቴ ጋ ስንት ቀን ነው የምትቆዪው?»

«ስምንት ቀን።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እመለሳለሁ፣ ሥራ አለብኝ።»

«እኔስ?»

«አንቺማ ከእናትሽ ጋር ነሻ።»

«ባልወዳትስ?»

«እናት እንዴት አትወደድም?»

«አላውቃትም እኮ። የስልክ ድምጿን እወደዋለሁ። እሷን ግን አላውቃትም።»

እሷ ቀጠለች። «ስንወርድ ባንዲራ የያዘችውን ልጅ እጅ ይዤ እጮሃለሁ። አልሳፈርም» አለችኝ። እያለቀሰች ብትለው ኖሮ አባብላት ነበር። ረጋ ብላ ነው ያለችው፤ አስባበት ጨርሳለች። እንደምታደርገውም አወቅሁ።

ያን ጊዜ ነው ያልኳት። «አንድ ዓመት ሞክሪው። የዛሬ ዓመት፣ ልክ በዚህ ቀን፣ አልወደድኩትም ካልሽ መጥቼ እወስድሻለሁ።»

«ማዪ» አለችኝ።

በአባቷ ነፍስ ማልኩላት። እሱን የምታውቀው በፎቶ ብቻ ቢሆንም መሐላው እንደሚጸና ታውቃለች። ጎማው ተንቀሳቀሰ። ስንወርድ «ለእናቴ እንነግራታለን?» አለችኝ። «አሁን አይሆንም» አልኳት። ከሁሉ የሚቆጨኝ ይህ ነው፤ አንቺ ጋ ሳትደርስ ካንቺ የምትደብቀው ነገር አስያዝኳት።

እንድትሳፈርልኝ ብዬ ነው ብልሽ እውነት ነው፣ ግን ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ ይኸውልሽ፦ ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ከጫፍ እስከ ታች እስክንወርድ ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር። ከፍታውን እንኳ ረሳሁት።

እትዬ


መጋቢት 4

እትዬ፣

እንደምን አለሽ።

ስልክሽን ያላነሳሁት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። ሚጣ ደውላ ስታናግርሽ አልከለከልኳትም፣ አልከለክላትምም። እኔ ግን ምን ብዬ ላናግርሽ።

ካርዱ መስከረም መጨረሻ ላይ ደረሰኝ። «አንብቤዋለሁ» ብዬ ጽፌልሽ ነበር፤ ምን አነበብሽ ብለሽ አልጠየቅሽኝም። የዛሬ አራት ዓመት፣ በየካቲት፣ የሚጣ ወረቀት ሁሉ አልቆ፣ ቪዛው ተመትቶ፣ ትኬቱ ተቆርጦ ነበር። አንቺ «ሳምባዋን ታማለች፣ ሐኪሙ ለስድስት ወር አውሮፕላን እንዳትሳፈር ብሏል» አልሽኝ። ቪዛው አለፈበት። እንደገና ከሀ ጀምሬ እስክጨርስ ሦስት ዓመት ከምናምን ፈጀብኝ። በዚያ ዓመት ካርዱ ላይ የተጻፈው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የፊት ጥርስ ተነቀለ ይላል። ሳምባ የለም። ሐኪም የለም።

አምስት ወር ሆዴ ውስጥ ይዤው ቆየሁ። ሥራ ላይ ሆኜ አንሶላ ሳጥፍ እሱን ነው የማስበው። አንሶላ የሚታጠፈው ሁለት ሰው ጫፍና ጫፍ ይዞ ነው፤ ባልደረባዬ «ሳቢው እንጂ፣ የት ነሽ?» ትለኛለች።

በስድስት ዓመቷ ብትመጣ ኖሮ ጎማ ላይ ሆና «እናቴን አላውቃትም» አትልሽም ነበር። እንዳታውቀኝ ያደረግሽው አንቺ ነሽ፤ ከዚያ ደግሞ «ካልወደድሻት እመልስሻለሁ» አልሻት።

አሁን አንድ ነገር ነው የምፈልገው። ለልጄ ጻፊላት። ያ ነገር ቀልድ ነበር፣ ፈርቼ ያልኩት ነው በያት። እስክትጽፊ ድረስ አትደውይልኝ።

እህትሽ


መጋቢት 29

ይድረስ ለእህቴ፣

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ቀን ነው የምመልስልሽ። ምርቃት ጽፌ ነበር፣ ከእኔ አፍ ስላላማረ ሰረዝኩት።

ያልሽው ሁሉ ልክ ነው። ሳምባዋን አላመማትም። የሳምንት ሳል ነበረባት፣ እሱም በራሱ ጊዜ ለቀቃት። ሻንጣዋን አዘጋጅቼ ጨርሼ ነበር። ልብሷን ሳጥፍ ጥርሷ ወለቀ ብላ በመዳፏ ይዛ መጣች፤ ሲደማ ፈርታ ጭኔ ላይ ተኛች። ጥርሱ ግማሽ ሥሩ ቀርቶ ስለነበር በማግስቱ ክሊኒክ ወሰድኳት። ስመለስ ስልኩን አንስቼ ላንቺ ደወልኩና ያንን ተናገርኩ። ከየት እንደመጣ አላውቅም ብልሽ እንደገና መዋሸቴ ነው። መንገድ ላይ ነበር ያዘጋጀሁት።

ካርዱን ላኪልኝ ስትዪኝ ያ ገጽ እንዳለ አውቃለሁ። አርባ ዓመት መጽሐፍ ስጠርዝ ኖሬያለሁ። አንድ ገጽ አውጥቼ፣ ማንም ሳያውቅ መልሼ መስፋት ለእኔ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ክሩንም አውጥቼ መርፌ ውስጥ አስገብቼው ነበር። ሁለት ቀን ጠረጴዛ ላይ ያደረው ለዚያ ነው። ከዚያ እንዳለ ላክሁት። ይህን የምነግርሽ ምስጋና ፈልጌ አይደለም፤ እንድታውቂው ብዬ ነው።

«ቀልድ ነበር» ብዬ ግን አልጽፍላትም። ላንቺ ዋሽቼ ያደረግሁትን አይተናል፣ ለእሷም እንዳልደግመው። የጻፍኩላትን ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ። መጀመሪያ አንቺ አንብቢው። ልትሰጫት ካልፈለግሽ ቅደጂው፣ አልጠይቅሽም።

እትዬ

*

ለሚጣ፣

የኔ ልጅ፣ ጎማው ላይ ያልኩሽ ቀልድ አይደለም። ግን ሁለት ጥፋት አጥፍቻለሁና ስሚኝ።

የመጀመሪያው ለእናትሽ አትንገሪ ማለቴ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ከእሷ አይደበቅም።

ሁለተኛው ይበልጣል። እናትሽ እስከ አሥር ዓመትሽ የቆየችው ስላልፈለገችሽ አይደለም። በስድስት ዓመትሽ ልትወስድሽ ሁሉን ጨርሳ ትኬት ቆርጣ ነበር። ያስቀረሁሽ እኔ ነኝ። ታማለች ብዬ ዋሸኋት። ካንቺ መለየት አቅቶኝ ነው፤ ቢሆንም ውሸት ነው። በዚህ ብትቆጪኝ እውነትሽን ነው።

ሐምሌ 13 ስትወስኚ የምትነግሪው ለእኔ አይደለም፣ ለእሷ ነው። እሷ እሺ ካለች እመጣለሁ።

እትዬ


ሐምሌ 20

ይድረስ ለእትዬ፣

እንደምን ከረምሽ? እኛ ደህና ነን፤ አንቺም ደህና እንደሆንሽ ከሚጣ እሰማለሁ። ሥራሽን ያቅልልሽ።

ለሚጣ የጻፍሽውን ሥራ ቦታ ቁም ሳጥኔ ውስጥ፣ ከጋውኔ ሥር፣ ከወር በላይ አቆየሁት። ልቀደው ያወጣሁበት ቀንም ነበር። ግንቦት ላይ አንድ እሑድ ሰጠኋት። መስኮቱ ጋ ቆማ አነበበችው። አጥፋ ኪሷ ከተተችው። ማታ ራት ስንበላ «ያኔ ሳልመጣ ስቀር ምን አደረግሽ?» አለችኝ።

«ጫማ ገዝቼልሽ ነበር። እየጠበቅሁ ቆየሁ፣ ከዚያ ለባልደረባዬ ልጅ ሰጠሁት።»

«ምን ዓይነት ጫማ?»

«ቀይ፣ ዘለበት ያለው።»

«ቁጥሩ ስንት ነው?»

«ሃያ ስምንት።»

«ያኔ ሃያ ዘጠኝ ነበርኩ» አለችኝ። «ይጠበኝ ነበር።»

ከዚያ ቀን ወዲያ እየመጣች ስለዚያ ዓመት ትጠይቀኛለች። የት ነበር የምኖረው፣ ከማን ጋር፣ በስልክ ስንነጋገር የት ቁጭ ብዬ ነበር። የመለስኩላትን አንዳንዴ ትጽፈዋለች። በአንዱ ቀን «እትዬን ተቆጥተሻታል?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። «እኔም» አለች። «እስከ መቼ ነው የምንቆጣት?» «እኔ እንጃ፣ አንቺስ?» «እስኪበቃን» አለችኝ።

ሐምሌ 13 ሰኞ ነበር። ፈቃድ ወስጄ ቤት ዋልኩ። ይህን አታውቂም፤ እሷም አታውቅም፤ የአንድ ወር እረፍቴን ሁሉ ጠይቄ አስፈርሜ ነበር። ልሂድ ካለች አንቺ እስክትመጪ አላስጠብቃትም፣ ራሴ ይዣት ልመጣ ነበር። ልጄን ሌላ ሰው እያመላለሰልኝ መኖር በቃኝ።

ጧት ስነሳ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን ሞልታ በር ጋ አስቀምጣዋለች። ሻይ አፈላሁ። ተቀመጥን።

«ወሰንሽ?» አልኳት።

«ሐሙስ የዋና ፈተና አለ።»

«እና?»

«ካለፍኩ ጥልቁ ውስጥ ያስገቡናል። አሁን ብሄድ ሳልፈተን ነው የምሄደው።»

«ከሐሙስ በኋላስ?»

«ከሐሙስ በኋላ በጀርባ መዋኘት ነው የምንማረው።»

«ከዚያስ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? አስተማሪው አልነገረንም» አለችኝ፣ እንደ መሰልቸት ብላ። ሻይዋን ጨርሳ ተነሳችና ቦርሳውን ከፍታ ልብሶቿን መልሳ መደርደር ጀመረች። እኔ ልርዳሽ አላልኳትም። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ ትንሽ ቆየሁ።

ሐሙስ ሄጄ አየኋት። ግማሹን ውሃ ጠጥታው ነው የተሻገረችው፣ ግን አለፈች። ስትወጣ ወደ እኔ አየች፤ ማየቴን ልታረጋግጥ ነው።

እትዬ፣ የሠራሽውን አልረሳሁትም። እንደምረሳውም አላውቅም። ግን ስልኩን አነሳለሁ፣ ደውይ። የሚቀጥለው የትምህርት ቤት እረፍት ላይ እኔና እሷ አንድ ወር እንመጣለን፤ የአሁኑን ፈቃዴን ወደዚያ አዙሬዋለሁ። ከዚያም በየዓመቱ እንድትመጣ አደርጋለሁ። ይህን የማደርገው አንቺን ብዬ ብቻ አይደለም፤ ልጅቷ ሁለት ቤት እንዳላት ብታውቅ በር ጋ ቦርሳ አታስቀምጥም ብዬ ነው።

አንድ ነገር ጠይቂልኝ ብላኛለች። «አልጋዬ አለ ወይ በያት፣ ግን እንደራስሽ አድርገሽ ጠይቂ» ነው ያለችኝ። እኔ ግን እንዲያ ዓይነቱ ነገር ስለሰለቸኝ ይኸው እንዳለችው አቅርቤልሻለሁ።

እህትሽ


ነሐሴ 2

ይድረስ ለእህቴ፣

ዕድሜሽ ይርዘም፣ ልጅሽ ትካስሽ። የደብዳቤሽን ፖስታ ለመክፈት ምሳ ሰዓት እስኪደርስ ጠበቅሁ፤ ከዚያ በፊት ብከፍተው አንዱን መጽሐፍ ገልብጬ እጠርዘው ነበር።

ሐምሌ 13 እኔም ሥራ አልገባሁም። ፓስፖርቴን ከወር በፊት አሳድሼዋለሁ፣ ሻንጣዬም ተዘጋጅቶ ነበር። ጧት ፀጉሬን ተሠርቼ፣ ጫማዬን አድርጌ ስልኩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ጎረቤቴ ገብታ «የት ልትሄጂ ነው?» ስትለኝ «እንጃ፣ እስኪደወል» አልኳት። አልተደወለም። ፀሐይ ስትገባ ጫማዬን አወለቅሁ። መጀመሪያ የተሰማኝን ባልጽፈው ይሻላል። ኋላ ላይ ግን ተነስቼ ራቴን ሠርቼ በላሁ፣ ደህና አድርጌም በላሁ።

እንኳን አለፈች በያት። ውሃ የጠጣችው አይቆጠርም።

ስትመጡ ሁለታችሁንም ቤቱ ይበቃችኋል። አንቺ ሳሎን ትተኛለሽ፤ ሶፋው ተሰብሮ ነበር፣ አሠርቼዋለሁ።

አልጋዋ አለ። የኔው ፍራሽ ስለጎበጠ ከጥር ጀምሮ እሷ አልጋ ላይ ነው የምተኛው፤ ለጀርባዬ ተስማምቶኛል። እግሬ ትንሽ ወደ ውጭ ይወጣል እንጂ ሌላ ችግር የለበትም። የመጣች ዕለት እለቅላታለሁ በያት።

እትዬ